ስቴቱ በጀት ጨመረ ከተባለ ትምህርት ቤታችን ለምን ይቀንሳል?

ወንድሜ፣ «ኦሎምፒያ (የዋሽንግተን ስቴት መንግሥት) ለትምህርት በጀት ጨመረ ይሉናል፤ የልጄ ትምህርት ቤት ግን ረዳት መምህራን ሊቀንስ ነው፤ በዚያ ላይ ሌቪ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በነዋሪው ድምፅ የሚሰበስቡት የንብረት ታክስ) ምረጡ የሚል ወረቀት መጣ፤ እያታለሉን ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሲያትል በስተደቡብ ባለ ዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) አሥራ አንድ ዓመት ፓራ፣ ማለትም ረዳት መምህር፣ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የበጀት ስብሰባም ብዙ ተቀምጫለሁ። ማታለል ሳይሆን ስሌቱ ነው ጉደኛው።

ነገሩ ከማክሊሪ ክስ ይጀምራል። በ2012 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቴቱ የመሠረታዊ ትምህርትን ወጪ በሙሉ አልሸፈነም ብሎ ፈረደ። ሕግ አውጪዎቹ ሲያዘግሙ በ2015 በቀን 100,000 ዶላር ቅጣት ጣለባቸው። በ2017 የስቴቱን የንብረት ታክስ ከፍ አድርገው ገንዘቡን ለቀቁ። ግን በዚያው ሕግ ዲስትሪክቱ ከነዋሪው የሚሰበስበውን ሌቪ ከ2019 ጀምሮ ገደቡት፦ ከቤት ግምት በየ1,000 ዶላሩ 1.50 ዶላር ወይም በተማሪ 2,500 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው። 1.50ውን በኋላ 2.50 አደረጉት።

በ2018 የመጣው ገንዘብ ወደ ደመወዝ ገባ። የእኔም ጨምሯል፣ አልዋሽም፤ ደስም ብሎኝ ነበር። በተከታዩ ጸደይ ግን ሌቪው ሲያንስ የቅነሳ ወሬ መጣ፤ ከጎኔ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ሰዓቷ ተቆርጦ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደች።

አሁን ያለው ችግር ደግሞ የቁጥር ነው። የስቴቱ ገንዘብ ተማሪውን ተከትሎ ይሄዳል። ኪራይ ያማረረው ቤተሰብ በስተደቡብ ወዳለው ፒርስ ካውንቲ ሲወርድ ልጆቹን ይዞ ነው የሚሄደው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጅ ቢጎድል ትምህርት ቤቱ አርባ ሃምሳ ልጅ አጣ ማለት ነው፤ ግን የትኛውን ክፍል ትዘጋለህ? አስተማሪዋ እዚያው ናት፣ ማሞቂያው ይነዳል፣ አውቶቡሱም ያንኑ መንገድ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ፓራው ነው። የኮቪዱ የፌዴራል ገንዘብ ቀዳዳውን ለጊዜው ሸፍኖት ነበር፤ እሱም በ2024 አለቀ።

እኛ ሐበሾች ሳናውቅ የምንጎዳበት ነገር አለ። ገንዘቡ የሚሰላበት የተማሪ ቆጠራ የሚጀምረው በሴፕቴምበር አራተኛው የትምህርት ቀን ነው፤ ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ ይደገማል። ልጁ እስከዚያ ቀን ትምህርት ቤት ብቅ ካላለ ለዚያ ወር አይቆጠርም። «እንቁጣጣሽን አዲስ አበባ አሳልፈን እንመለስ» የሚል ስንቱ አለ መሰለህ! እኔ ራሴ አንድ ዓመት አድርጌዋለሁ፣ ያውም እዚያው እየሠራሁ።

የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳውን ቅጽ ደግሞ «ልጄ እንጀራውን ከቤት ይዞ ይሄዳል፣ ምን ያደርግልኛል» ብለህ አትጣለው። በትምህርት ወደኋላ ለቀሩ ልጆች የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ስንት ናቸው በሚለው ይሰላል። ቅጹን የማይሞላ ቤተሰብ ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል።

ሌቪውን በተመለከተ፣ እንዴት እንደምትመርጥ አልነግርህም፤ የቤት ታክስ እንዴት እንደሚያንገበግብ እኔም አውቃለሁ። ብቻ ከቦንድ ለይተህ እየው፦ ቦንዱ ለሕንፃ ነው፣ 60 በመቶ ድምፅ ይፈልጋል፤ ይሄኛው ለዕለት ሥራው ነው፣ ከግማሽ በላይ ካገኘ ያልፋል። የዲስትሪክቱ ቦርድ ሲሰበሰብ ሂድና «ዘንድሮ ስንት ተማሪ ጠብቃችሁ ስንት መጣ?» በላቸው። እኛ ዘንድ ይህን የሚጠይቅ ሲመጣ ነው ወረቀቱን ማገላበጥ የሚጀምሩት።