መልስ፦ የዛፍ ስም ያለው ፖርቱጋላዊ ሁሉ የአይሁድ ዘር ነውን?

«ፔሬይራና ኦሊቬይራ የሚባሉት ሁሉ ከአይሁድ የመጡ ናቸው?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ አይደሉም። በ1497 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በግዳጅ የተጠመቁ የፖርቱጋል አይሁዶች እነዚህን ስሞች መያዛቸው እርግጥ ነው። የወሰዱት ግን ቀድሞውኑ በአገሩ የነበረውን፣ መኳንንት ሳይቀሩ የሚጠሩበትን ስም ነው። ኦሊቬይራ የወይራ ዛፍ ነው፤ መጀመሪያ ቦታው ተሰየመበት፣ ከዚያ የቦታው ሰው። ሲልቫ ጫካ ነው። ከፖርቱጋል በስተሰሜን ባለችው የስፔን ክፍል በጋሊሲያ የበዛው ካስትሮም በኮረብታ ላይ ያለ ጥንታዊ ምሽግ ማለት ነው።

በ«ኤስ» የሚያልቁት ደግሞ ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ የአባት ስም ናቸውና። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስሙ «የአልቫሮ ልጅ» ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ በየትውልዱ ይቀየራል፤ የእነርሱ ግን በአንድ አያት ላይ ቆሞ ቀረ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ጊማራይንሽ የተባለችው የሰሜን ፖርቱጋል ከተማ ስም ነው። ከተማዋ የተጠራችው ቪማራ በተባለ ሰው ስም ነው፤ ስሙም ከጥንታዊ የጀርመን ነገዶች ቋንቋ የመጣ ነው። ሮማውያንን ተከትለው የገቡት ስዌቢዎችና ቪዚጎቶች የተባሉ የጀርመን ነገዶች ቋንቋቸው ጠፍቶ ስማቸው በመንደሮች ላይ ቀርቷል። ከከተማዋም ዛሬ ብዙ ብራዚላውያን የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም ወጣ።