ከስዊድን የመጣው የፓይክ ዕቃ ለሐዋሳ አምባዛ ይሆናል ወይ?

ከአቶቴ ሰፈር የጻፈልኝ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ወንድሜ ስዊድን ነው የሚኖረው። እዚያ ፓይክ የሚባል ዓሣ ያጠምዳል። ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ መንጠቆ ማውጫ ዕቃውን ትቶልኝ ሄደ፤ ረጅም ፒንሳ፣ የዓሣ አፍ መክፈቻ ስፕሪንግ፣ ወፍራም መቁረጫና የቆዳ ጓንት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ አምባዛና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው የማጠምደው። ባለፈው አምባዛ እጄን ወጋኝ። መንጠቆውንም ስታገል አፉን ቀድጄ ነው ያወጣሁት። ከእነዚህ ዕቃዎች የቱ ይጠቅመኛል? ምን ልጨምር? የአሥር ዓመት ልጄንም ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። መቁረጫውን ከአጠገብህ አትለየው። ፒንሳው ይሆንሃል። ጓንቱ ለአንድ እጅህ ይሆንሃል። አፍ መክፈቻውን ግን ቤት አስቀምጠው። እኔ ብረት ሠሪ ነኝ፣ የጀልባና የማጥመጃ ዕቃ እጠግናለሁ፤ ሰው ዕቃ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ፒንሳውን ብቻ ነው። መቁረጫውን ማንም አይጠይቅም። እጅንም ዓሣንም የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ እነዚህ ዕቃዎች ለምን እንዲህ ሆነው እንደተሠሩ እንይ። ፓይክ በአውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። እኛ አገር የለም። ታችኛው መንጋጋው ላይ ትልልቅ ስለታም ጥርሶች አሉት። ላንቃው ላይ ደግሞ ወደ ጉሮሮው ያጋደሉ ጥቃቅን ጥርሶች በመቶዎች ተደርድረዋል። የገባ ነገር እንዳይወጣ ነው፤ ጣትም ቢሆን። ስለዚህ የፓይክ አጥማጅ ትልቁ ሥራ እጁን ከአፉ ማራቅ ነው። ፒንሳው እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ ስለሚጠቀሙ፣ አንዱን ጣት ሲነቅሉ ሌላው ይሰካል። ወፍራም መቁረጫ የሚይዙት ለዚህ ነው።

አምባዛ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥርስ አለው፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥቃቅን ጥርስ ነው። ቆዳ ይልጣል እንጂ እንደ ፓይክ አይተለትልም። አንተን የወጋህ ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ በጎን ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ ያለው የአጥንት እሾህ ነው። ዓሣው ሲደነግጥ ወደ ጎን ይዘረጋውና ይቆልፈዋል። አንዴ ከቆለፈው በጣትህ ልጠፈው ብትል እሺ አይልህም። ጠርዙን ቀስ ብለህ ብትዳስሰው መጋዝ መጋዝ ይልሃል። ቅርፊት ስለሌለው አካሉ ያዳልጣል፤ እጅህ ሲያዳልጥ ሄዶ የሚያርፈው እዚያው እሾህ ላይ ነው። የወጋህን ቦታ በሳሙናና በንጹህ ውሃ አጥበኸው ከሆነ ጥሩ። አሁንም ካበጠ ወይም ከቀላ ጤና ጣቢያ ሄደህ አሳየው።

ሌላም አለ። አምባዛ ከስንጥቡ (ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት) በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ከውሃ ወጥቶም ረጅም ሰዓት ይቆያል። ቆሮሶ ደክሞት ዝም ሲል አምባዛ ገና ይገላበጣል። «ትንሽ ይድከም» ብለህ ብትጠብቅ ለአንተም ለእሱም አያዋጣም።

ስለዚህ ከፒንሳው በፊት አያያዙን አስተካክል። ጆንያ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ውሃ ውስጥ ነክረህ ዘርጋ። ዓሣውን እዚያ ላይ አስተኛውና ግማሹን ከረጢት በላዩ መልስበት፤ ጭንቅላቱ ብቻ ይውጣ። መዳፍህን ከእሾሆቹ ኋላ አሳርፈህ ያዘው። አትጫነው፣ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው። ትልቅ ከሆነና መንጠቆው ከከንፈሩ የራቀ ከሆነ፣ ጓንት ባጠለቀው እጅህ አውራ ጣትህን አፉ ውስጥ አስገብተህ የታችኛውን መንጋጋ ያዝ። አፉ ራሱ ይከፈትልሃል። መንጠቆው ከንፈሩ አጠገብ ከሆነ ግን ጣትህን አታስገባ። ዓሣው አንዴ ቢወራጭ መንጠቆው አንተንም እሱንም አንድ ላይ ይሰፋችኋል።

የወንድምህ የቆዳ ጓንት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ለያዡ እጅ ብቻ። ፒንሳ የሚይዘው እጅ ባዶ ይሁን። በየሱቁ የሚሸጠውን የሹራብ ጓንት ለዚህ ሥራ አትግዛ። መንጠቆ ይይዘዋል፤ ከያዘ ደግሞ እጅህን ማላቀቅ አትችልም።

ወንድምህ ፓይክን የሚይዝበት መንገድ አለ፤ ጣቱን በጉንጩ ክዳን ስር አስገብቶ መንጋጋው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ለፓይክ ትክክለኛ አያያዝ ነው። አምባዛ ላይ ግን አትሞክረው። ክዳኑ ውስጥ ያለው መተንፈሻ ስስ ነው፣ ቶሎ ይደማል። እጅህም ለእሾሁ ይቀርባል።

አሁን ፒንሳው። ያለህ ረጅም ፒንሳ ለትልቅ አምባዛ ጥሩ ነው። ለመካከለኛው 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን አፍ ፒንሳ ይበቃል፤ በእጅ ለማዘዝም ይቀላል። ሁለተኛ ልግዛ ካልህ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትነው። አፉን ግጠምና ወደ ብርሃን አቅና። ጫፎቹ መገናኘት አለባቸው። መሃሉ ተገናኝቶ ጫፉ ላይ ብርሃን ካየህ መልሰህ ስጠው። ከዚያ ቁራጭ የናይሎን ክር በጫፉ ያዝና ሳብ። ክሩ ካመለጠ መንጠቆም ያመልጣል። እጀታውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገው፤ መጋጠሚያው ላይ ከተንቀጠቀጠ ለሽቦ ሥራ ይሆን ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም። የማይዝግ ብረት ከሆነ እሰየው። ተራ ብረት ከሆነም አትናቀው፤ ስትመለስ አድርቀህ መጋጠሚያው ላይ ጠብታ ዘይት ጣል አድርግበት። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅና አንድ ክንድ ሲባጎ እሰርበት። ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ፒንሳ አይመለስም።

አፉን የቀደድኸው ዕቃ ስላልነበረህ ብቻ አይደለም፤ ገና ሳትገፋ ስለሳብኸው ነው። መንጠቆ በገባበት መንገድ ነው የሚወጣው። ክሩን ወጠር አድርገህ መንጠቆውን እይ። ክሩን ሳይሆን የመንጠቆውን ጉብጠት በፒንሳው ጫፍ ያዝ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ትንሽ ግፋ፤ ወደ ኋላ የተመለሰችው እሾህ ከሥጋው ትላቀቃለች። ከዚያ አዙር። ከዚያ አውጣ። በአንድ ጊዜ መሳብ ሥጋውን ይዞት ይመጣል።

ይህን ሁሉ ትግል ግማሽ የሚያደርግልህ ነገር ደግሞ ቤትህ ቁጭ ብለህ የምትሠራው ነው። ከመንጠቆው ጫፍ በታች ያለችውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቃት። ፒንሳውን በጫፉ አቅጣጫ ያዝና ቀስ ብለህ ተጫን። በአግድም ከያዝኸው ጫፉ ራሱ ይሰበራል። ጨርሰህ መንጠቆውን ጨርቅ ጫፍ ላይ ወግተህ አውጣው። ክር መዝዞ ከመጣ ገና ነው፤ በሞረድ ነካ ነካ አድርገው። «ዓሣው አያመልጠኝም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ክሩን ሳታላላ ከሳብህ የሚያመልጥህ ጥቂት ነው።

መቁረጫው ላይ ልቆይ፤ ዋናው እሱ ነውና። መንጠቆ የጠነከረ ብረት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመዳብ ሽቦ የሚይዘው ትንሿ መቁረጫ ሁለት መንጠቆ ከቆረጠች አፏ ይሸረፋል። የወንድምህ መቁረጫ ለዚሁ ሥራ ከሆነ ግን ጠንካራ ነው። አዲስ ስትገዛ የምትጠቀምበትን ትልቁን መንጠቆ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆርጠህ ፈትን። ባለሱቁ ደስ ባይለውም ዋጋው የአንድ መንጠቆ ነው። ስትቆርጥ ቁራጩ እንደ ጥይት እንዳይፈናጠር እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ ፊትህንም መልስ። መነጽር ካለህ አድርግ።

መቼ ነው የምትቆርጠው? የመንጠቆው ጫፍ በሌላ በኩል በስቶ ከወጣ አትመልሰው። የወጣውን ጫፍ ከነእሾሁ ቁረጥ፤ ቀሪው ያለ ትግል ወደ ኋላ ይወጣል። አንድ ሁለቴ ሞክረህ እምቢ ካለህም ቁረጥ። መንጠቆ የጥቂት ብር ዕቃ ነው።

አምባዛ የበላውን ወደ ውስጥ ይልካል። በተለይ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ መንጠቆ ብዙ ጊዜ ከጉሮሮው ወርዶ ነው የምታገኘው። እዚያ ድረስ ፒንሳ አትስደድ። የማታየውን ነገር አትነቅልም። ዓሣውን የምትመልሰው ከሆነ ክሩን በተቻለህ መጠን ወደ መንጠቆው አስጠግተህ ቁረጥና ልቀቀው፤ ሆዱን ተጎርጉሮ ከሚለቀቅ ይልቅ መንጠቆው ውስጡ ቀርቶ የሚለቀቅ ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። የምትበላው ወይም የምትሸጠው ከሆነ ደግሞ ከአፉ ውጪ አንድ ስንዝር ክር ተውለት። የሚያጸዳው ሰው ክሩን አይቶ «እዚህ ውስጥ መንጠቆ አለ» ይላል። ክሩ ከሌለ ቢላ የያዘ እጅ ወይም የበላተኛ ጉሮሮ ነው የሚያገኘው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችንም አስብ። አንጀት ከነመንጠቆው ስትወረውርላቸው ሳያኝኩ ነው የሚውጡት።

ወደ ውስጥ መዋጡን ለመቀነስ ጫፉ ወደ ዘንጉ የተመለሰውን ክብ መንጠቆ ሞክር። ብዙውን ጊዜ የአፍ ጥግ ላይ ይይዛል። ሲነካህ ግን መንጭቀህ አትሳብ፤ ክሩ ራሱ እስኪወጠር ጠብቀህ ቀስ ብለህ ሰብስብ። የለመድነው መንጨቅ ስለሆነ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለቆሮሶ ከስዊድን የመጣው ሁሉ ትልቅ ነው። አፉ ትንሽ፣ መንጠቆውም ትንሽ ነው። ከቀርከሃ የእርሳስ ውፍረት ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ጥረብ፣ ጫፉን በመጋዝ ቦይ አውጣለትና አለስልሰው። ቦዩን ክሩ ላይ አስገብተህ እስከ መንጠቆው አውርድ፣ ገፋ አድርግ፣ አዙር፣ አውጣ። ሥራው ይኸው ነው። የጀርባ እሾሁ እንዳይወጋህ እጅህን አርጥበህ ከራሱ ወደ ጭራው ዳስሰው፤ እሾሁ ይተኛል። ደረቅ እጅና ደረቅ ጨርቅ የሚጠብቀውን ልሃጭ ይገፍፈዋል፤ የምትመልሰውን ትንሽ ዓሣ በደረቅ እጅ አትያዝ።

አንዳንዴ የሴቷን ቆሮሶ አፍ ስትከፍት ውስጡ ቢጫ እንቁላል ወይም በጣም ጥቃቅን ጫጩቶች ታያለህ። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ስትጨነቅ ትተፋዋለች። እንደዚያ ካየህ ዘንጉንም ተወው፤ ክሩን ቆርጠህ ወዲያው ውሃ ውስጥ አስገባት። የሐይቃችን ቆሮሶ በጣም ተጠምዶ ቀንሷል፤ የአንዷ አፍ ውስጥ ያለው ብዙ ነው።

አፍ መክፈቻውን ለምን ቤት አስቀምጠው እንዳልሁህ ልንገርህ። ስፕሪንጉ ራሱን የሚከፍተው በራሱ ጉልበት ነው፤ የዓሣው መንጋጋ ምን ያህል እንደሚችል አያውቅም። ጫፎቹ ይወጋሉ፣ መገጣጠሚያውንም ያላቅቃሉ። በፓይክ አጥማጆች ዘንድም ብዙዎች ትተውታል። አምባዛ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም። አንድ ቀን ጫሞ ሐይቅ ሄደህ ታይገርፊሽ ካጠመድህ ግን ፒንሳውን፣ መቁረጫውንና ጓንቱን በሙሉ ይዘህ ሂድ። ጥርሱ ከአፉ ውጪ የሚታይ ዓሣ ነው፤ ጥርሱ እንዳይቆርጠውም ክርህ ጫፍ ላይ የፓይክ አጥማጆች እንደሚያደርጉት ሽቦ እሰር።

ልጅህን ይዘህ ሂድ፤ ደስ ይለዋል። መንጠቆው ግን እሾሁ የተጨፈለቀ ይሁን። ክር ሲወረወር ከኋላህ አይቁም። ኮፍያ አድርግለት፣ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ሽፍን ጫማ። የእሱ ሥራ እርጥቡን ከረጢት መዘርጋትና ፒንሳውን ማቀበል ይሁን። አምባዛ ሲወጣ አንተ ያዝ፤ ቆሮሶን በቀርከሃው እንዲያወጣ ግን አስተምረው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ይችለዋል። የተቆራረጠ ክርና መንጠቆ የሚገባበት ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃም እሱ ይያዝ።

መንጠቆ ሰው እጅ ላይ ከተሰካ ደግሞ መጀመሪያ ክሩን ቁረጥ፤ መንጠቆውን እንዳይስበው ነው። እሾሁ ከቆዳ በታች ከገባ እዚያው ሐይቅ ዳር አትነቅለው። እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ሸፍነህ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ እዚያ አደንዝዘው ያወጡታል። ዓይን አካባቢ ከሆነ ጭራሽ አትንካው፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተወሰደ ይጠይቁሃል። የአንተንም የልጅህንም ከቅዳሜ በፊት አጣራ።