ሲሞላልኝ ለምን ይጎድለኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን ቀን ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ከጓደኞቼ ቤት በተመለስኩ ቁጥር የራሴ ቤት ያስጠላኛል። ሰሞኑን እቁብ ሊደርሰኝ ነው፤ ሶፋ ልቀይርበት አስቤያለሁ። ያለውም ደህና ነው። አሥራት ካወጣሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ሀብት መመኘት ኃጢአት ነው? ያለኝስ ለምን አይበቃኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይልሽ። ጤፍና ዘይት ሲወደድ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር የሚይዝሽ ጭንቀት ስስት አይደለም። እሱን እንደ ኃጢአት ቆጥረሽ አትሸማቀቂ። ወሩን ለመድረስ የሚታገልን ሰው «ያለህ ይብቃህ» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን ስለ ሶፋው ነው።

ሀብት በራሱ ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ባለጠጋ ነበር። ጌታን በአዲስ መቃብር የቀበረው የአርማትያሱ ዮሴፍም እንዲሁ። ቅዱስ ጳውሎስ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ሁሉን አትርፎ የሚሰጠን እንድንደሰትበት መሆኑን ይነግረናል (1ኛ ጢሞ. 6)። ስለዚህ በቤትሽ ደስ ይበልሽ።

ታዲያ አልበቃኝም ማለት ከየት መጣ? ልጅ ሆኜ የአብነት ተማሪ ነበርኩ። አኩፋዳ አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ እንለምናለን። አንድ ቀን ጥሩ ቀናኝ፤ አኩፋዳዬ ሞላ። ጎጆ ደርሰን ስንዘረግፈው ግን የጓደኛዬ ቁራሽ ወጥ የነካው ትኩስ እንጀራ ነው። የእኔው ደርቋል። አብረን በላን፣ ጠገብኩም። ሌሊቱን ግን ስናደድ አደርኩ። እዪው እንግዲህ፣ ጠግቤ ነው የተናደድኩት። አኩፋዳዬ አልጎደለም፤ ዓይኔ ነው ሰው አኩፋዳ ውስጥ የገባው። አንቺም ሶፋሽ የሚያስጠላሽ ከጓደኛሽ ቤት ስትመለሺ ነው። ራስሽ ጽፈሽልኛል።

ቅዱስ ጳውሎስ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላል (ፊልጵ. 4፥11)። ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። «ተምሬአለሁ» የሚለውን ቃል አጥብቀሽ ያዢልኝ። አብሮት አልተወለደም፤ ኑሮው ሲደላም አልመጣለትም። ተማረው። ቤተ ክርስቲያናችንም ለዚህ ትምህርት ቤት አላት፤ ጾም ይባላል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ፣ ሥጋና ቅቤ ሳይኖር ማዕድ ሙሉ እንደሚሆን በሽሮና በጎመን ታስተምረናለች። ግን የተረፈው ብር የት እንደገባ አንጠይቅም። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስን ያነሳል (58፥7)። የሥጋውና የቅቤው ብር የድኃው ድርሻ ነበር። ይህን የምናደርግ ስንት ነን? እኔን ከልብ ያሳዝነኛል።

ወደ አሥራቱ ልምጣ። እኛ ባለቤቶች አይደለንም፤ መጋቢዎች ነን። የሌላ ሰው ንብረት ተረክበን እናስተዳድራለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋ እርሻው በማፍራቱ አልተወቀሰም። ሲናገር ስሚው፦ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ። ያችው «ነፍሴ» ያላት በዚያች ሌሊት ተፈለገች። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ክፍል ሲያስተምር፣ ይዘህ ያስቀረኸው እንጀራ የተራበው ነው፣ ቆልፈህ ያኖርከው ልብስ የታረዘው ነው ይላል። እስቲ ዛሬ ማታ ቁም ሣጥንሽን ክፈቺው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ልብስ ካለ ባለቤቱ ውጭ እየበረደው ነው።

ያለፈውን ሦስት ዓመት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ብቻሽን ዕዳ እያሰላሽ ተስፋ አትቁረጪ። ከዚህ ወር ጀምሪ፤ ደመወዝ እንደገባ፣ ከአስቤዛ በፊት አውጪው። ወር ሲያልቅ ከተረፈ እሰጣለሁ ያለ ሰው ሲተርፈው አላየሁም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። እቁቡ ሲደርስሽ ብሩን አስቀምጪው፤ ሶፋውን እስከ ፋሲካ አቆዪው። በነዚህ 55 ቀናት አንድ ቀን ያችን ጓደኛሽን ቤትሽ ጥሪያት። ሽሮሽን ሠርተሽ አሁን ባለው ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ፣ ተጫወቱ። ከበዓሉ በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ አንድ ነገር ተጠያየቁ፦ ማንም እንግዳ የማያየው ቢሆን እንገዛው ነበር? አዎ ካላችሁ ግዙት። በሰላም ተቀመጡበት።