ማት ሞሎይ በሙዚቃ ብቻ ነው የኖረው?

«የአየርላንድ ባህላዊ ዋሽንት ተጫዋች ከሙዚቃው ብቻ ይተዳደራል ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ አብዛኞቹ ሌላ የእንጀራ ሥራ ነበራቸው። እኔ አብልጬ የምወደውን ማት ሞሎይን ልንገርህ። በ1947 እ.ኤ.አ. በሮስኮመን ግዛት ተወለደ፤ አባቱም ዋሽንተኛ ነበር። ወጣት ሳለ ደብሊን ሄዶ በአየር መንገድ ተቀጥሮ እየሠራ ይጫወት ነበር። በ1970ዎቹ ቦቲ ባንድ ከተባለው የባህላዊ ሙዚቃ ቡድን ጋር ስሙ ገነነ፤ በ1979 ቺፍተንስ የተባለውን ሌላ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቡድን ተቀላቅሎ ዓለምን ዞረ። በኋላም በአየርላንዷ ዌስትፖርት ከተማ ሙዚቀኞች ተሰብስበው የሚጫወቱበት መጠጥ ቤት ከፈተ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ትንፋሹ ነው። የእንጨቱ ዋሽንት በአግድም ይያዛል፤ ስድስት ቀዳዳ አለው፤ የእኛ ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው። የጭፈራ ዜማው ደግሞ ለመተንፈሻ የሚሆን ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ተጫዋቹ አንዲት ኖታ ሆን ብሎ ይዘላል፤ በዚያች ክፍተት አየር ይስባል። የትኛዋን እንደሚዘል የሚመርጠው ራሱ ነውና አንዱን ዋሽንተኛ ከሌላው የምለየው በዚሁ ነው። ጆሮህን ወደዚያ ጣል፤ ዜማው ሌላ ይሆንብሃል።

መማር ካሰብክ ቲን ዊስል በሚባለው ትንሽ የቆርቆሮ ዋሽንት ጀምር። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የጣት አያያዙም ከትልቁ የእንጨት ዋሽንት ጋር በጣም ይቀራረባል።