መልስ፦ ሳይኮመጥጥ በረጋ ወተት ውስጥ ስፖር ሠሪ ባክቴሪያን ስለ መለየት

ጤና ይስጥልኝ። በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ ፓስተራይዝ የተደረገ ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይኮመጥጥ ስለረጋብዎ፣ መንስኤው ሙቀቱን የተቋቋመ ስፖር (አንዳንድ ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚሠራው ጠንካራ ቅርጽ) ይሁን ከማሞቂያው በኋላ የገባ ብክለት እንዴት እንደሚለዩ ጠይቀዋል።

ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ወተቱ እንደ እርጎ ይኮመጥጥ ስለነበር፣ ምልክቱ ወደ ስፖር ሠሪው ባክቴሪያ ወደ ባሲለስ ሴሬየስ ይጠቁማል፤ ትኩስ ሻይ ላይ ሲፈስ ክሬሙ ተቆራርጦ ከተንሳፈፈ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይሁን እንጂ ስፖር የማይሠራው ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያም ፕሮቲን ስለሚያፈርስ በዓይን ብቻ አይፍረዱ።

ከናሙናው ከፊሉን በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ አሙቀው ወዲያው በበረዶ ውኃ ያቀዝቅዙ፤ ሙቀቱ ሌላውን ባክቴሪያ ገድሎ ስፖሩን ያስቀራል። ጊዜው የሚቆጠረው ጠርሙሱ ውኃው ውስጥ ከገባበት ሳይሆን ወተቱ ራሱ 80 ዲግሪ ከደረሰበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ እኩል ወተት በያዘ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። ከዚያ የሞቀውንም ያልሞቀውንም በአጋር (ባክቴሪያ በሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ዘርተው በ30 ዲግሪ ያሳድጉ፤ ሙቀት ወዳዶቹን ከፈለጉ ሌላ ሳህን በ55 ዲግሪ ይጨምሩ። ያልሞቀው ብዙ፣ የሞቀው ግን እጅግ ጥቂት ካበቀለ፣ ብክለቱ ከማሞቂያው በኋላ የገባ ይመስላልና የቧንቧና የማሸጊያ ንጽሕናን ይፈትሹ።

የሞቀው ካበቀለ የበቀሉትን የባክቴሪያ ክምችቶች (ኮሎኒዎች) ማኒቶል የተባለ ስኳርና የእንቁላል አስኳል ባለው ኤምዋይፒ አጋር ላይ ያስተላልፉ፤ ባሲለስ ሴሬየስ በደብዛዛ ነጭ ቀለበት የተከበበ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ባክቴሪያው በማላካይት አረንጓዴና በሳፍራኒን ማቅለሚያዎች ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስፖሩ አረንጓዴ፣ የቀረው አካል ቀይ ይሆናል። ከቅርብ ዘመዱ ከባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ለመለየት ግን 16ኤስ የተባለውን የባክቴሪያ ዘረመል ክፍል የሚያነብ ምርመራ እንኳ አይበቃም።