የእናትሽን ዕቁብ ለፕሮጀክተር? አይሆንም!

የኮዬ ፈጬዋ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቂሊንጦ ኤሌክትሪካል ትማሪያለሽ፣ ልብሽ ግን ሜዳ ሙሉ በመብራትና በድምፅ የሚሠራ የፌስቲቫል ጥበብ ላይ ነው። አባትሽ «ይሄ የሠርግ ዲኮር እንጂ ሥራ አይደለም» ይላሉ። እናትሽ ደግሞ ዕቁባቸው ሲወጣ ፕሮጀክተር ሊገዙልሽ ነው። ልቀበል ወይ ብለሽኛል።

አትቀበይ።

የቢሮ ፕሮጀክተር ብርሃኑ 3 ወይም 4 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢሆን ነው። የምስሉን ወርድና ቁመት እጥፍ ስታደርጊው ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ደግመሽ ስታሰፊው የሩብ ሩብ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ የሚታይሽ ጨለማው ብቻ ነው። ለሕንፃ ግድግዳ የሚሆኑት 20 ሺህ ሉመንና ከዚያ በላይ ናቸው። እነሱን ለዝግጅቱ ይከራዩታል እንጂ ማን ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጣል? እኔ በወጣትነቴ በብድር የድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰር ገዝቼ ሁለት ክረምት አልጋ ሥር ከርሟል። እንጀራ የበላሁት በሰው ዕቃ ነው፣ ከድንኳን ድንኳን ኬብል እየጎተትኩ።

ሜዳው የሚፈትንሽ ሌላ ቦታ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከመድረኩ 68 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው መብራቱን ወዲያው ያያል፣ ከበሮውን ግን ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ይሰማል። እሱ አጠገብ ስፒከር ብትጨምሪ ደግሞ የመድረኩ ድምፅ ኋላ ደርሶ ማሚቶ ይሆንብሻል፣ ስለዚህ የጨመርሽውን በዲሌይ ታዘገዪዋለሽ። መብራቱ የትኛውን ሰው ይጠብቅ? እሱን መወሰን ነው ጥበቡ። ጄኔሬተሩም አለ። እንጦጦን በመሰለ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የተጻፈበትን ያህል ጉልበት አይሰጥሽም። ይሄን ሁሉ ከዕቃ አከራዮቹ ትማሪዋለሽ። ጥር ላይ፣ ሠርግ ሲበዛ፣ ቅዳሜና እሁድ ረዳት ልሁን ብለሽ ጠይቂያቸው። አባትሽ ሳያስቡት በሩን አሳይተውሻል።

እሳቸውን በክርክር አትረቺያቸውም፣ ዲግሪውን ጨርሺላቸው። ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልግባ ያልሽው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የፈረንሳይዋን ከተማ የሊዮንን የብርሃን በዓል ማለምሽም ደግ ነው፣ ግን እሱም የተጀመረው በፈረንጆች 1852 ሰዎች በየመስኮታቸው ባበሩት ሻማ ነው።

እናትሽ የግድ ካሉ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ወፍራም ጓንት ይግዙልሽ።