ሻጩ የማይገጥም የፍሬን ሸራ ደጋግሞ ከሰጠዎት

የማይገጥም የፊት ፍሬን ሸራ ደጋግሞ የተሰጠዎት የመኪናዎን ስም ብቻ ጠርተው «የቪትዝ» ብለው ስለጠየቁ ይመስለኛል። ለሻጩ ሊብሬዎ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሙሉውን ያሳዩት፤ በኤስሲፒ10 (SCP10) የሚጀምረው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ በኬኤስፒ90 (KSP90) የሚጀምረው ደግሞ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም ብዙው ዕቃቸው ይለያያል።

አሮጌውን ሸራ ይዘው ይሂዱና ባንኮኒው ላይ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው፣ የብረቱ ጆሮ (ከጎኑ ወጣ ያለው ጫፍ) ልኩ መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ፤ ሻጩ «ግዴለም፣ ይገባል» ቢልዎትም እንኳ (ይህን የማይል ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም)።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ካልገጠመ እንደሚለውጥልዎት ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። እንደታዘብኩት፣ ብዙዎቹ ሱቆች መካኒክ በግሪስ እጁ የነካካውን ዕቃ መልሰው አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት በንጹሕ እጅ ይለካ፣ ካርቶኑም አይቀደድ።